ስወድቅ የሚጠራው ስልክ

እሁድ ከሰዓት የሞተው ልጅ የተገኘው ሰኞ ጠዋት ነው። ፈልጎት የወጣ ሰው ኖሮ እንዳይመስላችሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የኋለኛውን ደረጃ እየጠረገች ስትወርድ ከታችኛው ማረፊያ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። የኮምፒውተር ሳይንስ የምርምር ተማሪ ነበር። ላብራቶሪው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጭምቱ» ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። ካልጠየቁት የማይናገር፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚከድን ልጅ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ዓመታት ያልፋሉ፤ መኖሩ ትዝ የሚላችሁ ወንበሩ ባዶ የሆነ ዕለት ነው።

ወገቡ ላይ ቀበቶ ታጥቆ ነበር። የሱሪ ቀበቶ አይደለም፤ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ የተሰፋችበት፣ ላብራቶሪው የሚመራመርበት ቀበቶ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ሲወድቁ ቀበቶው አውቆ፣ አስቀድመው ለመረጡት ሰው ስልክ እንዲደውል ታስቦ የተሠራ ነው። ጭምቱም፣ ሰው በአዘቦት ቀን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማስመዝገብ ሲል ራሱ ታጥቆት ይውላል። እንቅስቃሴው ሁሉ በአየር ተልኮ ላብራቶሪው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ቀበቶው እንደ ቧንቧ ያሳልፋል እንጂ አያስቀምጥም።

ፖሊሶቹ የመጨረሻውን ምዝገባ አስነበቡ። ተራመደ፣ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ሳይንገዳገድ፣ ሳይታገል ራሱን ለቀቀ የሚል መልስ አገኙ። «ራሱን አጥፍቷል» ተብሎ ተጻፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ፋይሉም የያዘውን ይዞ ሊዘጋ ነበር።

እንዳይዘጋ ያደረገችው የሟቹ እህት ናት። ጣቢያው ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልነሳም አለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ለቅሶማ ጣቢያ ውስጥ የተለመደ ነው። ይህኛው ዝምታ ግን አዛዡን አላስቀምጥ አላስቆም ስላለው መርማሪዋን አስጠራት።

መርማሪዋን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «እትዬ ለምን» ይላታል። ጡረታዋ ደርሷል። ባሏ ከሞተና ልጆቿ አግብተው ከወጡ ወዲህ ቤቷ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱንም ጠዋት ስትወጣ ሳትዘጋው ትሄዳለች፣ በሩን ስትከፍት የሰው ድምፅ እንዲቀበላት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አዛዡ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን፣ የእሷ ሥራ እህትየውን አባብሎ ወደ ቤቷ መሸኘት ብቻ እንደሆነ ነገራት።

«ካለቀ ለምን እኔ?» አለችው።

«ይኸው ጀመረሽ» አለ አዛዡ።

እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። እናት አባታቸውን በልጅነታቸው ስላጡ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት፤ የራሷን ትምህርት ትታ እሱን አስተማረች። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ኑሮው እንድታወራላት ጠየቀቻት እንጂ ሞቱን አላነሳችባትም። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ አንደበቷ ተፈታ። ትንሽ ልጅ ሳለ ከአጥር ላይ ወድቆ ግራ እግሩ መሰበሩን፣ አጥንቱ ደህና ሳይገጥም ስለቀረ ትምህርት ቤት አዝላው ትመላለስ እንደነበር፣ ካደገ በኋላም ማነከሱ እንዳይታወቅበት ጫማው ውስጥ የሚደርበውን ወፍራም ጨርቅ እየሰፋች እንደምትልክለት አወራቻት። በስልክ ብዙ አይጫወቱም፤ እሱ ዝምተኛ፣ እሷ ሥራ የሚበዛባት። በቅርቡ ግን ደስ ብሎት ደውሎ ነበር። ቀበቶው ስትወድቁ የሚጠራላችሁን ሰው ምረጡ ይላል፣ እኔም እዚህ ከተማ የምመርጠው ሰው አገኘሁ አላት። እሷ ሩቅ ናትና ብትጠራም አትደርስለትም።

«ማን እንደሆነ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሰው ማግኘቱ በቃኝ።»

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ተለወጠ። ለዘመድ አዝማድ «አሞታል፣ ላስታምመው ነው» ብላ እንደወጣች፣ ሞቱን እስካሁን ለአንድ ሰው እንኳ እንዳልተናገረች ገለጸችላት።

«ራሱን አጠፋ ብዬ ለማን ልንገር? ምን በድለሽው ነው ይሉኛል። እኔም ቁጭ ብዬ ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው። እትዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ትቶኝ ነው የሄደው ወይስ ወስደውብኝ ነው? እሷን ብቻ ይንገሩኝ።»

መርማሪዋ ቃል መግባት አትወድም፤ አልገባችላትም። «እስክመለስ ጠብቂኝ» ብላት ወጣች።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሥራ የበዛበት፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ጭንቅላቱ ክፉኛ እንደተመታ፣ የቀኝ እጁ አንጓ እንደተሰበረ ነገራት። መርማሪዋ የልጁን እጆች ገልብጣ አየች። መዳፎቹ ተልጠዋል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ተሰግስጓል።

«ይኼ ቀለም ከየት መጣ?»

«ከደረጃው ብረት ይሆናል። ሲወድቅ ነክቶት።»

«ሲነኩት ጥፍር ውስጥ ይገባል?»

ሐኪሙ ቆም ብሎ አሰበ። ሲነኩት ሳይሆን ሲጨብጡት፣ ያውም እየቧጠጡ ሲጨብጡት ነው ብሎ አመነ። ልጁ ወዲያው እንዳልሞተም ነገራት፤ ሰው ቢደርስለት ኖሮ አለና ሳይጨርሰው ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ።

እንግዲህ ከሁለት አንዱ ይዋሻል አለች በልቧ። ቀበቶው ሳይታገል ወደቀ ይላል፤ እጁ ታግያለሁ ይላል። እጅ ሲዋሽ ደግሞ አይታ አታውቅም።

ላብራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገመድ የተተበተበባቸው ጠረጴዛዎች፣ ሰው ሳይኖርም የሚያበሩ ስክሪኖች፣ ወንበር ጀርባ ላይ የተረሳ ሹራብ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የተጎሳቆለ ትልቅ ፍራሽ። ተማሪዎቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይውላሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲፈልገው ከኋላው በጽሑፍ መልእክት ይልክለታል። የበር ጥበቃው እሁድ ዕለት ከሟቹ ሌላ የገቡት ፕሮፌሰሩና ሁለት ተማሪዎች ብቻ መሆናቸውን፣ ማን መቼ እንደወጣ ግን ልብ እንዳላለ ተናግሯል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ፕሮፌሰሩን ነው። ሐዘናቸውን በረጅሙ ገለጹላት፤ ከአንገት በላይ ባይሆንም ከደረት በላይ ነበር። ቀበቶው ለብዙ አዛውንቶች ሊታደል ስምምነት መድረሱን፣ ወሬው ጋዜጣ ላይ ከወጣ ግን የዓመታት ልፋት ገደል እንደሚገባ ሦስት ጊዜ እያነሱ ጣሉ። እሁድ ከቢሯቸው አልወጣሁም አሉ። ምዝገባውን እንዲያሳዩዋት ስትጠይቃቸው የኮምፒውተሩን ማውስ ወዲያ ወዲህ አንከራተው፣ ሦስት የማይፈለግ መስኮት ከፍተው፣ በመጨረሻ ላባቸውን ጠረጉ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ከነዚህ ጋር መታገል ከተውኩ ቆይቻለሁ። የእኔ ሥራ ማማከር ነው። እናትዬ ትክፈትልዎት።»

እናትዬ የሚሏት የላብራቶሪው አንጋፋ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ሰው ራሱን ሲያመው መድኃኒት ከመሳቢያዋ የምታወጣ፣ የሁሉንም የልደት ቀን የምታስታውስ፣ ከእሷ በኋላ የመጡት ተመርቀው ሲሄዱ ኬክ እየቆረሰች የምትሸኝ ሴት። ዘንድሮ ግን የእሷ ተራ ነው፤ የመመረቂያ ሥራዋን ለፈታኞች የምታቀርብበት ቀን ተቆርጧል። ዓይኗ አብጦ ነበር። ለመርማሪዋ ሻይ አቀረበችላት፣ ምዝገባውንም በእርጋታ አስረዳቻት። ለፖሊሶቹ ያነበበችላቸውም እሷ ናት። እሁድ ቶሎ ወደ ቤቷ መሄዷን ተናገረች።

«ሰው ሲወድቅ ቀበቶው ይደውል የለም እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

«የእኛን የተማሪዎቹን ጥሪ አጥፍተነዋል፣ እትዬ። ፍራሹ ላይ በወደቅን ቁጥር እየደወለ አስቸገረን።»

«አካሄዱ እንዴት ነበር?»

እናትዬ ጥያቄው ግር አላት። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጨዋ ልጅ ነበር አለች፤ ከዚያ ዕንባዋ መጣ። ብቸኛ እንደነበር፣ ትንሽ ባወራሁት ኖሮ እያለች እንቅልፍ እንዳጣች ነገረቻት። ፕሮፌሰሩም ስለ አካሄዱ ሲጠየቁ «እንደ ማንኛውም ሰው» ብለው ነበር። መርማሪዋ ሻዩን ጠጥታ አመሰገነች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ሦስተኛው ሎጋው የሚሉት ወጣት ነው፤ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ ምላሱ ስል። ዓርብ ዕለት በሟቹ ላይ ሲጮህበት የሰማ ሰው ስላለ ሁሉም በሹክሹክታ ጣቱን የሚቀስረው እሱ ላይ ነው። እሱም አልካደም። ጭምቱ የአዛውንቶቹን ጥሬ ዳታ ስጠኝ እያለ ስለጎተጎተው መጮሁን አመነ።

«ሌላ የምታስቸግረው ሰው የለህም ወይ አልኩት» አለ መሬት መሬት እያየ። «አልነበረውም እኮ። እያወቅኩ ነው ያልኩት።»

መርማሪዋ ወደ ፍራሹ እያመለከተች ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሎጋው ነገሩን እንዲህ አስረዳት፦ ማሽኑ መውደቅን የሚያውቀው ብዙ የወደቁ ሰዎችን ምዝገባ አይቶ ነው፤ አዛውንትን ደግሞ ለትምህርት ብሎ መጣል አይቻልም። ስለዚህ የሚወድቁት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ከግድግዳው ተነስተው ይራመዳሉ፣ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ ይወድቃሉ። እዚህ ክፍል ውስጥ ያልወደቀ የለም።

«እስቲ ውደቅልኝ» አለችው።

ሎጋው ፈገግ ሊል ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። ተራመደ፣ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ጆንያ ዘፍ አለ። እጆቹ ከጎኑ አልተነቃነቁም።

«እጅህን ለምን አልዘረጋህም?»

«ምን ብዬ እዘረጋለሁ? ፍራሽ እንዳለ አውቃለሁ።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ጥሬ ዳታ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ቀበቶው ከእርምጃው ጋር የማይፈለግ ነገርም ይመዘግባል አላት፤ ኪስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ቁልፍ፣ ሳል፣ የወንበር ግፊያ። ያ «ቆሻሻ» ይባላል፣ ማጽዳት የግድ ነው። በላብራቶሪው ሁሉም ሰው የሚጠቀመው የጸዳውን ነው፤ ጥሬውን የሚነካ ከእሱና፣ ሰሞኑን ደግሞ ከጭምቱ በቀር የለም። የማጽጃውን ዘዴ የሠራችው እናትዬ ናት፣ ፕሮፌሰሩም በየስብሰባው የሚመኩበት ሥራ ነው።

የእሁድ ጠዋቱንና የመጨረሻውን ምዝገባ ጎን ለጎን አስከፈተችው። የጠዋቱ መስመር አንዱ እርምጃ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው ግን ሁሉም እርምጃ እኩል ነው። ብዙ ቆማ አየችው። ልጁ ከላብራቶሪው ውጭ የት ይውል እንደነበር ጠይቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄድበትን አድራሻ ተቀበለችና ወጣች።

አድራሻው ቀበቶውን ከታጠቁት አዛውንቶች የአንዱ ቤት ነው። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። በሩን ሲከፍት ከመርማሪዋ ትከሻ በላይ አሻግሮ ተመለከተ፤ ሌላ ሰው የጠበቀ ይመስላል። ቀበቶውን በልብሱ ላይ በኩራት አጥብቆታል። ስለ ጭምቱ ስትጠይቀው ፊቱ በራ፤ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ፣ አብሮት ተቀምጦ የድሮ መኪናዎችን ወሬ የሚሰማ ልጅ መሆኑን አወራላት።

«ቀበቶውን ታጥቀው ወድቀው ያውቃሉ?»

«መውደቅስ አልወደቅኩም። ግድግዳውን ይዤ ቀስ እያልኩ ተቀመጥኩ። ከዚያ መነሳት አቃተኝ።» ጎረቤት በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ወለሉ ላይ ሌሊቱ እንደነጋበት ነገራት። ቀበቶው ለማንም አልደወለም። ሽማግሌው ይህን የተናገረው ጭምቱ ስለጠየቀው ነው እንጂ ሰው ላለማስቸገር ዝም ብሎ ነበር። «ልጁ ሲሰማ ደነገጠ። ማሽናችን ቀስ ብሎ የሚወድቅ ሰው አያውቅም፣ አጽድተን አጽድተን እርስዎን ጠርገን ጣልንዎት አለኝ። ለሚመለከተው ሰው አስቀድሜ ፊት ለፊት ልንገር፣ በጀርባ መናገር ነውር ነው ብሎ ሄደ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ለቅዳሜ ይመጣል አይደል?»

መርማሪዋ መሞቱን ነገረችው፤ ይህን እውነት ከማያውቀው ሰው በስልክ ከሚሰማ እሷ ብትነግረው ይሻላል ብላ። ሽማግሌው ቀበቶውን በእጁ ዳሰሰና «እኔ ሽማግሌው እያለሁ?» አለ። እሷም ቶሎ ልትሄድበት አልቻለችም፤ ሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸውና ዝም ተባብሎ መቀመጥን ያውቁበታል።

በማግስቱ ሁሉንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፕሮፌሰሩ የሚሄዱበት ስብሰባ እንዳለ እያሳሰቡ ተቀመጡ፤ ሎጋው መስኮቱን ተደግፎ ቆመ፤ እናትዬ ለእህትየው ወንበር አቀረበችላት፣ ትከሻዋንም ዳሰሰቻት። አዛዡ በሩ ላይ ቆሟል፤ የመጣው እትዬ ለምን ስትሳሳት ለማየት ነው ወይስ ስትረታ፣ እሱም አያውቀውም።

«ይህ ልጅ ራሱን አላጠፋም» ብላ ጀመረች። ነገር ማንዛዛት አትወድም። እህትየው ቦርሳዋን ጨበጠች።

ራሱን የለቀቀ ሰው የደረጃ ብረት ቧጥጦ ጥፍሩ ውስጥ ቀለም አያስገባም አለች። እጁ እስከ መጨረሻው ታግሏል፤ ቀበቶው ግን አልታገለም ይላል። ስለዚህ ቀበቶው ላይ ያለው ውድቀት ደረጃው ላይ የሆነው አይደለም። ተራመደ፣ ቆመ፣ እጁን ሳይዘረጋ ወደቀ፤ ይህ የት እንደሚደረግ ትናንት ሎጋው ወድቆ አሳይቷታል። ፍራሽ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አወዳደቅ ነው። አንድ ሰው የእሁዱን ምዝገባ መጨረሻ ቆርጦ፣ ጭምቱ ድሮ ፍራሹ ላይ የወደቀውን ተክቶበታል። የራሱን አወዳደቅ ስለመረጠ ማንም አይጠረጥርም ብሎ አስቧል።

«ግን እንዴት ታወቀ?» አሉ ፕሮፌሰሩ ሳያስቡት።

መርማሪዋ ወደ እህትየው ዞረች። «ወንድምሽ ሲራመድ እንዴት ነበር?»

«ያነክስ ነበር» አለች እህትየው። «ትንሽ። በግራው።»

ፕሮፌሰሩ ሎጋውን፣ ሎጋው ፕሮፌሰሩን አዩ። አንዳቸውም አላወቁም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በመካከላቸው ሲያነክስ ኖሮ የሞተን ልጅ፣ ማነከሱን የምትናገርላቸው ከሩቅ አገር የመጣች ልብስ ሰፊ ሆነች። ሎጋው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መርማሪዋ ሁለቱን ምዝገባዎች ስክሪኑ ላይ እንዲያወጣ ጠየቀችው። የጠዋቱ ሲያነክስ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የመጨረሻው ሰው አያነክስም።

«አሁን የጠዋቱን በማጽጃው ዘዴ አሳልፈው» አለችው።

ሎጋው ጥቂት ፊደላት መታ። ከፍና ዝቅ ይል የነበረው መስመር ዓይናቸው እያየ ተስተካከለ። እርምጃዎቹ ሁሉ እኩል ሆኑ። ማሽኑ የልጁን እግር እንደ ኪስ ቁልፍ፣ እንደ ሳል ቆጥሮ ጠርጎ ጣለው።

«እንግዲህ የተተካው ከጸዳው ነው» አለች መርማሪዋ። ፕሮፌሰሩ ይህን ሊያደርጉ ቢፈልጉም አይችሉም፤ ምዝገባውን ለመክፈት እንኳ ሰው ጠርተዋል። ሎጋው ይችላል፣ ግን እሱ የሚሠራው በጥሬው ነው፤ እሱ ቢሆን ማነከሱ ከነቆሻሻው ይቀር ነበር፣ እኛም አናውቅም ነበር። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ያነሳል። የአንዷ እጅ የለመደው የጸዳውን ነው፤ እድሜዋን የሰጠችው ለእሱ ነውና። ጭምቱ ደግሞ ያ ዘዴ ቀስ ብሎ የሚወድቀውን ሽማግሌ እንደ ቆሻሻ እንደሚጥል አውቆ፣ ቀበቶው ሳይታደል ሥራው እንዲቆም ሊናገር ነበር። በጀርባ መናገርን ነውር ስላለ አስቀድሞ ለሥራው ባለቤት ነገራት።

«ወደ ደረጃው የተከተልሽው አንቺ ነሽ» አለቻት።

እናትዬ ለመካድ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ፣ በተስተካከለው መስመር ላይ፣ ቃሉም ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ስትናገር ለመርማሪዋ ሳይሆን ለእህትየው ነበር።

«ሁሉም መጥተው ተመረቁ፣ ሄዱ። እኔ ብቻ ቀረሁ። ወር ጠብቀኝ አልኩት፣ ልመረቅና ራሴ አስተካክለዋለሁ አልኩት። በአንድ ወር ውስጥ ስንት ሰው ይወድቃል አለኝ። ለፕሮፌሰር ሊነግር ወደ ቢሯቸው ወረደ። እጁን ያዝኩት፣ ነጠቀኝ። ገፋሁት።» ትንፋሿን ሳበች። «ከዚያ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ።»

እህትየው ቀና ብላ አየቻት።

«ስልኩን ሳነሳው የቀበቶው ድምፅ ነው። ወድቋል፣ እባክዎ ይድረሱለት ይላል። የመረጠው እኔን ነው። የእኛ ጥሪ የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የራሱን መልሶ ከፍቶት ኖሯል። አልነገረኝም ነበር። ሳይነግረኝ ነው የመረጠኝ።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ዘጋሁት። ወጥቼ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጥኩ። ታች ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አልወረድኩም።»

ፕሮፌሰሩ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አዛዡ መጥቶ እናትዬን በክንዷ ያዛት፤ ስትወጣ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ረስታ ነበርና ሎጋው አንስቶ ሊሰጣት እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ግን አስቀመጠው።

እህትየው ከወንበሯ ተነሳች። መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ተከትላት ወጣች፤ ልጁ ታች ብቻውን ድምፅ ያሰማበትን ያን ጊዜ እህቱ ባትሰማው ኖሮ እያለች በልቧ እየተጸጸተች። ይህን ከእሷ መደበቅ ይገባ እንደነበረ ወይም አይገባ እንደነበረ እስከዛሬ አታውቅም።

«አልተወኝም» አለች እህትየው።

«አልተወሽም። እስከ መጨረሻው ለመኖር ታግሏል።»

እህትየው ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። አክስቷ ጋ ደወለች። አክስትየዋ ገና ከሰላምታው ልጁ ተሻለው ወይ ስትል መርማሪዋ ከቆመችበት ሰማቻት።

«አልተሻለውም» አለች እህትየው። «ወንድሜ ሞተብኝ፣ አክስቴ። ሰው ገደለብኝ። ብቻዬን ነኝ፣ ኑልኝ።»

ስልኩ ውስጥ መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ቤቱ ሙሉ ሰው ሲጮህ ተሰማ። ያን ጊዜ እህትየው ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አምርራ አለቀሰች። መርማሪዋም ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘመዶቿ ከሩቅ አገር እስኪደርሱ ድረስ ከእሷ አልተለየችም።